አራስ ቤት የገባ ሞተር

ሰው አያምነኝም እንጂ የሞተር ብስክሌት ካንዴላ ነቅዬ፣ ጥላሸቱን ፍቄ፣ መልሼ መግጠም አውቃለሁ። ሰንሰለት ማጠብ አውቃለሁ። ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ንፋስ ይብቃው አይብቃው መለየት አውቃለሁ። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ! እኔ ግን ይህን ሙያ ፈልጌ አልተማርኩትም። በአራስነቴ፣ ወገቤ ገና ሳይጠና፣ አንድ የጣሊያን ወታደር በራሴ ቤት በራሴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያጨሰ ነው ያስተማረኝ። ስንት ዘመን አለፈ! ዛሬም መንገድ ላይ የቤንዚን ሽታ ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ወደ አምበር በሚወጣው መንገድ አፋፍ ላይ ነበር። ሰፊ የሣር ቤት ነው፤ እንደ አገራችን ቤት ሁሉ በወዲህ ሰው፣ በወዲያ ከብት የሚያድርበት። ጋጣው ውስጥ አንዲት ደህና በቅሎ ነበረችን። ጣሊያን ሲገባ «ለመንግሥት ጭነት ትፈለጋለች» አሉና ወሰዷት። መንግሥት እነሱ መሆናቸው ነው እንግዲህ! ጋጣው ባዶ ቀረ። የጣጣው ሁሉ መነሻ ያ ባዶ ጋጣ ነው።

ባለቤቴ በሰኔ ዱር ገባ። እኔ ሆዴ ገፍቶ ነበር። ባልሽ የት ሄደ ላለኝ ሁሉ «ደምበጫ እህል ሊሸምት ሄዷል» እላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ ሁሉም «በሰላም ይመልሰው» ብሎ ያልፋል። በሐምሌ መጀመሪያ ሴት ልጅ ተገላገልኩ፤ እሱ እህል እየሸመተ ነው። ክረምቱ ገፋ፤ እሱ አሁንም እየሸመተ ነው። ያ ሁሉ እህል ቢመጣ ኖሮ መቼም ጎተራው አይችለውም ነበር።

እማየ እኔን ልታይ ከዲማ መጥታ አብራኝ ተቀምጣለች። ልጄ ሁለት ሳምንት ቢሞላት ነው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ እንደ ነጎድጓድ ያለ ነገር ጮኸ። ሕፃኗ ደንግጣ ጡቴን ለቀቀች። እማየ ብትወጣ አንድ ወጣት ጣሊያን እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ፣ ጭቃ የለበሰ ብረት ይዞ ቆሟል። አጠገቡ አስተርጓሚው አለ። አስተርጓሚው ያገሬ ሰው ነው፤ ማተብ ያሰረ፣ ክርስትና የተነሣ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ጣሊያኑስ ባዳ ነው፤ የባዳ ነገር ምን ይባላል!

«ይህ የመንግሥት ሞተር ብስክሌት ነው» አለ አስተርጓሚው። «ወደ አምበር መልእክት ያደርሳል። የወታደሩ ሰፈር በጭቃ ስለተያዘ ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ጋ ያድራል።»

«የኔ ጌታ» አለች እማየ ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ቤቱ እኮ የአራስ ቤት ነው። ሽታው ምች ሆኖ ሕፃኗን ቢመታብንስ? ሌላ ጋጣ አይጠፋም…»

«በቅሎ ያድርበት አልነበረም? ይህ ከበቅሎ ይሻላል፤ አይራገጥም» አለና ሳቀ። በራሱ ቀልድ የሚስቅ ሰው እንዴት እንደምጠላ! ከዚያ ራሱን ወደ ውስጥ ብቅ አደረገና እኔን ከመደቡ ላይ እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባልሽ እህሉን ገና ሸምቶ አልጨረሰም?» አለኝ።

በቃ። ቤቴን ቢያቃጥሉት፣ እኔን ቢያስሩኝ፣ ይህችን ጨቅላ ማን ያጠባታል? ሞተሩ ገባ። እማየ የጤና አዳም ቅጠል አምጥታ በልጄ አፍንጫ አጠገብ አንጠለጠለች፤ በጋጣው በኩል ደግሞ ጠበል ረጨች። ጠበሉ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ቸስ አለ። «አየሽ፣ ተቃጠለ!» አለችኝ። «እማየ፣ ትኩስ ስለሆነ ነው» ብላት አልሰማችኝም።

መጀመሪያ ሰሞን ወታደሩ ራሱ ነበር የሚሠራው። ሲመሽ መጥቶ ያቆመዋል፤ ሲነጋ ወደ ደጅ አውጥቶ ጭቃውን ያጥባል፣ ሰንሰለቱን ይጠራርጋል፣ የላላውን ብሎን ያጠብቃል። እኔ ከመደቡ ላይ አየዋለሁ። ሌላ ምን የማየው አለኝ? ከዚያ ሰነፈ። አንድ ቀን ውሃ እንድቀዳለት ጠቆመኝ። በማግስቱ ጨርቁን ሰጠኝ። በሦስተኛው በርጩማዬን ጎተት አድርጎ ተቀመጠና ሲጋራውን ለኮሰ፤ እኔ አራሷ ተንበርክኬ ጎማ አጥባለሁ! አስተርጓሚውም ሲያልፍ አይቶ «በቅሎዋን የምትጠብቂው አንቺ አልነበርሽ? ያው ነው» አለኝ።

ያው ነው? በቅሎዬ ስሟን ብጠራላት ጆሮዋን የምታዞር ፍጥረት ነበረች።

ወታደሩ ደግሞ ተቆጪ ነው! ውሃው ሞተሩ ጎን ያለውን ሽቦ ከነካ ይጮሃል። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ ሳላጥብ ቅባት ከቀባሁ ይጮሃል። ካንዴላ የምትባለው አውራ ጣት የምታክል ነገር ከሞተሩ ራስ ላይ ትነቀላለች፤ እሳቱ የሚጫረው በእሷ ነው፣ እሷ ከሌለች ያ ሁሉ ብረት ከድንጋይ አይሻልም። ጥላሸት ስትለብስ ሞተሩ ያስለዋል። እሷን በመፍቻ ነቅዬ፣ በትንሽ ሽቦ ፍቄ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ እሰጠዋለሁ። ወደ ሰማይ አንሥቶ በአንድ ዐይኑ ያያታል። ደስ ካለው «ቤኔ» ይላል፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። ካልሆነ ይመልስልኛል። እንግዲህ ዛሬ ጋራዥ ያለው ሁሉ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ማርሚታ እያለ ሲጠራ እሰማለሁ፤ እኔ እነዚህን ቃላት የለመድኳቸው ልጄን ጡት እያጠባሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። አለቃው፣ ያ ሻለቃ የሚሉት፣ በመንገዱ ብቅ ሲል ወታደሩ ሲጋራውን ይጥልና ጨርቁን ከእጄ መንጭቆ እሱ ሲሠራ የዋለ ይመስላል። ሻለቃው ካለፈ ጨርቁ ወደ እኔ ይመለሳል። ይህን ልብ አልኩት። ሞተሩን በሰው ማሠራት ለእሱም የተከለከለ ነው ማለት ነው።

የቅቤውን ነገር ግን እስክሞት አልረሳውም። በዐባይ በረሃ መንገዱ ተቆርጦ መኪና ሳይመጣ ቀረ፤ የሰንሰለቱ ቅባት አለቀ። ወታደሩ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ዐይኑ ከምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ቅል ላይ አረፈ። የአራስ ቅቤዬ! እማየ ከዲማ ድረስ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችልኝ፣ ለገንፎዬ በማንኪያ እየለካች የምትሰጠኝ! አውርዶ እጁን እስከ አንጓው ከተተና ሰንሰለቱን ለወሰው። እማየ ቆማ ፈገግ እንዳለች፣ እንደሚመርቅ ሰው እጇን ዘርግታ «ድፍት ያርግህ የኔ ልጅ፣ አፈር ያስበላህ» አለችው። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ። ያን ሌሊት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሰንሰለቱን ሊልስ በራችን ላይ ተሰልፎ አደረ። ከዚያም ጭቃው በቅቤው ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ኖሮ፣ ወታደሩ ከአምበር ሲመለስ እኔ ላይ ጮኸብኝ። እኔ ላይ!

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ስችል የነበረው አንድ ነገር እያሰብኩ ነው፦ የልጄን ክርስትና። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ናት፤ ያን ቀን ክርስትና እናቷ አቅፋ ካላነሣቻት ግን አትነሣም። ያ ክረምት ክፉ ክረምት ነበር። በሰፈራችን ሕፃናት በሳልና በትኩሳት ይረግፋሉ። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ነው የሚቀበረው፤ አንዷ ጎረቤቴ እንዲያ ስትቀብር የሰማሁት ልቅሶ ከጆሮዬ አልወጣም። በየማታው የልጄን ግንባር እየዳሰስኩ «ብቻ እስከዚያች ቀን ታድርስልኝ» እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ክርስትና እናት እንድትሆን ቃል የገባችልኝ የልጅነት ባልንጀራዬ ነበረች፤ ቤቷ ከእኛ ቀጥሎ ነው። አብረን ውሃ ቀድተን ያደግን፣ አብረን የተዳርን። ጥጥ ሰጥቻት የልጄን የክርስትና ልብስ እየፈተለችልኝ ነበር። «የኔም ልጅ ናት፤ አንቺ ምን አገባሽ!» እያለች ታሾፍብኛለች።

የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት፣ በእመቤታችን በዓል፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ወታደሩ ሞተሩን እየገፋ መጣ። መንገድ ላይ ጠፍቶበታል። ደጃፋችን ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ አቆመና ጨርቁን ወረወረልኝ። በእጄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠቆምኩ፤ ነጭ የለበሰውን ሕዝብ አሳየሁት፤ በዓል ነው፣ ማርያም ናት አልኩት። «ማሪያ፣ ሲ፣ ሲ» አለና ሲጋራውን ለኮሰ። እነሱም እኮ ማርያምን እናውቃለን ይላሉ! አስተርጓሚው ከኋላ መጥቶ «ደምበጫ» የምትለዋን ቃል ብቻ ጣል አደረገ። ተንበረከኩ።

እንግዲህ ጉዱን እዩ። አገሩ ሁሉ በነጠላው አፉን ይዞ ያልፋል፤ እኔ በማርያም ቀን ብረት አንኳኳለሁ፣ ጎማ እነፋለሁ፣ ካንዴላ እፍቃለሁ። መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተነሥቶ አካባቢውን አናወጠው። ባልንጀራዬም አለፈች። «እንዴት ዋልሽ» አላለችኝም።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። እንቁላል የሚያህል ባይባልም ዶሮ የሚገድል በረዶ ነበር። አፋፉ ላይ ያለው ገብስ ሁሉ ተኛ፤ የባልንጀራዬ ማሳ ከሁሉ ባሰ፣ እንደ ተወቃ አውድማ ሆነ። ሲመሽ ነገሩ ተቆርጦ ነበር፦ በረዶውን ያወረደችው በዓል የሻረችው ሴት ናት። በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያስመጣል ይባላል፤ እኔም ይህንኑ ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን የሻርኩት እኔ ነኝ? ጨርቁን የወረወረልኝ ሰው እዚያው ቆሞ ሲያጨስ ዐይናቸው አላየም? አየ እንጂ! ስለሱ ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አንዳንዷማ ይባስ ብላ «የጣሊያን ወዳጅ» አለችኝ። ባሌ ዱር እየተራበ፣ እኔ የጣሊያን ወዳጅ!

በሦስተኛው ቀን ባልንጀራዬ የሰጠኋትን ጥጥ ላከችብኝ። እሷ እንኳ አልመጣችም፤ በሠራተኛዋ እጅ ነው። ግማሹ ተፈትሎ ልቃቂት ሆኗል፤ ግማሹ እንዳለ ነው። «ክርስትናው ላይ አልቆምም ብላለች፤ ገብሷ አልቋል» አለች ልጅቷ መሬት መሬት እያየች። ልቃቂቱን ይዤ ተቀመጥኩ።

እማየ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄደች። ጥሩ ሽማግሌ ነበሩ። «እኔ ጥምቀት አልከለክልም፤ ተገድዳ ነው። ግን የምታነሣት ሴት ይዛችሁ ኑ፤ ያለ እሷ ምን አደርጋለሁ?» አሏት። እማየ ዱላዋን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። አንዷ አሞኛል አለቻት። አንዷ ባሌ አይፈቅድልኝም አለቻት። አንዷ ደግሞ በሯን አልከፈተችም፤ ውስጥ ሆና ድመቷን ስትቆጣ እየተሰማች! እነዚህ ሴቶች እኮ እነማን ናቸው? በእሑድ ለጣሊያን ሰፈር ዱቄት የሚፈጩ፣ ባሎቻቸው በሚካኤል ቀን ለመንገዱ ድንጋይ የሚሸከሙ ናቸው። ተገድደው፤ አውቃለሁ። የነሱ መገደድ መገደድ ሆኖ የኔ ኃጢአት የሆነው፣ እነሱ ከግንብ ጀርባ ስለሚሠሩና እኔ መንገድ ዳር ስለሠራሁ ነው። እማየ ስትመለስ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና «እኔ ራሴ ባነሣት ደስ ይለኝ ነበር፤ አያት አይሆንም አሉኝ» አለች።

ሰማንያኛው ቀን እሑድ ዋለ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ወታደሩ ሞተሩን አስገብቶ ጭቃውን፣ ሰንሰለቱን፣ ጎማውን፣ ካንዴላውን በጣቱ አንድ በአንድ አሳየኝና ፀሐይ ስትወጣ መሆኑን በእጁ ነግሮኝ ሄደ። ፀሐይ ስትወጣ! ልጄ በምትጠመቅበት ሰዓት! ጋጣው አጠገብ ቆሜ ያንን ብረት አየሁት። በሐምሌ ቤቴን ወሰደ፣ ቅቤዬን በላ፣ ባልንጀራዬን ነጠቀኝ፤ አሁን ደግሞ ልጄን። አይሆንም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እማየ «ምኑ?» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ልጄን አጠብኳት፤ እማየ አዘለቻት። ከዚያ መፍቻውን ከሣጥኑ አወጣሁና ካንዴላውን ነቀልኩት። እማየ ደንግጣ «ኧረ በሰንበት ትሠሪያለሽ?» አለች። «ይህ ሥራ አይደለም፤ ሥራ ማስፈታት ነው» አልኳት። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት፤ ሄድን።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እኔ ከውጭ ቆምኩ፤ ሴቶቹ በወዲያ በኩል ናቸው። ባልንጀራዬም አለች። ከእነሱ እስከ እኔ ሦስት ሰው የሚቆምበት ባዶ ቦታ አለ፤ ማንም አልቆመበትም። ቄሰ ገበዙ ወጡና «የት አለች የምታነሣት?» አሉ። እማየ አንገቷን ደፋች። ልጄ በእማየ ጀርባ ላይ ታስላለች፤ ከትናንት ወዲያ የጀመራት ሳል ነው። እንዴት አድርጌ ልመልሳት?

በዚህ ጊዜ ነው አስተርጓሚው ከነወታደሩ እየሮጠ የመጣው። ከቅጥሩ በር ላይ ሆኖ «አንቺ ሴት!» ብሎ ጮኸ። «ሞተሩ አልነሣ ብሏል! ምን አድርገሽው ነው? ነይ ውጪ፣ አሁኑኑ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። የነጠላዬን ቋጠሮ ፈትቼ ካንዴላውን ከፍ አድርጌ አነሣሁት፤ ለሱ አይደለም፣ ለሴቶቹ ነው ያሳየሁት።

«ይኸውላችሁ!» አልኩ። «በማርያም ቀን ያሠራኝ ይህ ሰው ነው። ዛሬም ሊያሠራኝ መጣ። ዛሬ ሰንበት ነው፤ ልጄ ክርስትና የምትነሣበት ቀን ነው፤ አልሠራም! በረዶ ቢወርድ እንግዲህ እሱን ጠይቁት!»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ሲመጣ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «የክርስቲያን ልጅ ነህ» አሉት ረጋ ብለው፤ «ጫማህን አውልቅና ግባ። አለዚያ ቅዳሴው እስኪያልቅ ደጅ ጠብቃት።» አስተርጓሚው ወታደሩን አየ። ወታደሩ ወደ መንገዱ እያየ ነው፤ ሻለቃው እንዳይመጣ። ሞተሩን ለአራስ ሴት ሰጥቶ ሲጋራ ሲያጨስ እንደከረመ እንዲነገርበት መች ይፈልጋል? የአስተርጓሚውን እጅጌ ይዞ ጎተተው።

ዞር ስል ባልንጀራዬ እማየ አጠገብ ቆማለች። «ስጭኝ» አለቻት። እማየ አላመነችም፤ ልጄን የበለጠ ጥብቅ አደረገቻት። «ስጭኝ እንጂ እማማ፣ የኔ ልጅ እኮ ናት» አለች ባልንጀራዬ እጇን ዘርግታ። ልብስ አልነበራትምና፣ ልብሱ ሳይፈተል ቀርቷልና፣ ልጄን ከውሃው ስታወጣት በራሷ ነጠላ ነው የጠቀለለቻት። ማተብ ታሰረላት። ተመስገን አልኩና ግንቡን ተሳለምኩ።

ባልንጀራዬን ግን ያን ዕለት አላመሰገንኳትም። «ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂኛለሽ፤ ያመንሽው ግን ብረት ሳሳይሽ ነው» አልኳት።

ስንወጣ አስተርጓሚው በሩ ላይ ጠብቆ በጥፊ መታኝ። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ፊቱ አይሰማም። ካንዴላውን ስጭኝ አለኝ። «ሰኞ» አልኩት። ደግሞ መታኝ። «ሰኞ» አልኩት። ወታደሩ መሃላችን ገብቶ አስቆመው፤ ከርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፣ ሰው እንዳይሰበሰብበት ነው።

ሰኞ ጠዋት ካንዴላውን ፍቄ፣ ወልውዬ፣ ለወታደሩ ሰጠሁት። ወደ ሰማይ አንሥቶ በአንድ ዐይኑ አየው፤ ልማድ ሆኖበት «ቤኔ» አለ። ወዲያው ምን እንዳለ ሲገባው ፊቱ ቀላ። በዚያው ቀን ሞተሩን ከቤቴ አወጡት። ራቅ ያለ ቦታ የወሰዱት መስሎኝ ነበር። ለካስ ቀጥሎ ያለው ቤት ገብቷል፤ የባልንጀራዬም በቅሎ ተወስዳ ጋጣዋ ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው በሁለተኛው እሑድ ልጄን አዝዬ ከቅዳሴ ስመለስ በደጃፏ በኩል አለፍኩ። ባልንጀራዬ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ሰንሰለት ታጥባለች። ወታደሩ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ እግሩን አጣጥፏል። ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ይዞ ያልፋል፤ እነዚያው ሴቶች፣ ያው አረማመድ። እሷ እንባዋ በአፍንጫዋ ይወርዳል፤ በጠቆረ እጇ ስትጠርገው ጉንጯ ጠቆረ።

እሰይ! አልኩ በልቤ። አዎ፣ እሰይ ነው ያልኩት። ይቅመሳት እስቲ አልኩና አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ጥጤን በሠራተኛ እጅ የመለሰችው ትዝ አለኝ። ቀና ብላ አየችኝ። እንደሚያልፉት ሴቶች የማያት መስሏት ነው መሰል፣ ፊቷን አዞረች።

የወታደሩ ሲጋራ አለቀና ሌላ ሊያመጣ ወደ ቤቷ ገባ። ወደ ቤቷ! እንደ ራሱ ቤት! ያን ጊዜ እሰይ ያልኩት ሁሉ አፌ ውስጥ መረረኝ። አጥሩን ገፍቼ ገባሁ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ሰጠኋት።

«እጄ ጥቁር ነው እኮ» አለች እየሸሸች።

«ያዣት፤ ክርስትና እናቷ አይደለሽም?»

ያዘቻት። ልጄ ያን ቀን የለበሰችው ባልንጀራዬ ከክርስትናው በኋላ የቀረውን ጥጥ መልሳ ወስዳ ፈትላ ያስለበሰቻትን ነጭ ልብስ ነበር፤ የጣቶቿ ምልክት ጀርባው ላይ ቀረ፣ እስከ ዛሬ በሣጥኔ ውስጥ አለ። መፍቻውን ከመሬት አነሣሁና ካንዴላውን ነቀልኩት። ገና ትኩስ ነበር፤ ጣቴን ፈጀኝ። የባልንጀራዬን ነጠላ ጫፍ ሳብ አድርጌ ቋጠርኩላት። መንገድ ላይ ያሉት ሴቶች ቆመው ያያሉ፤ ይዩ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እንዲህ ነው የሚነቀለው፤ ወደ ግራ ነው የምታዞሪው። ተነሽ፣ ልጄን ይዘሽ ወደ ቤቴ ሂጂ። ሰኞ ትመልሽለታለሽ።»